ስንጥቁና አምስቱ ባህር ዛፎች

ሰበታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጃዕፈር የህያ፣ ጅቡቲ

የቆምንበት መሬት ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ነው ወይስ እኛ ሳናውቅ ይሄዳል? ልጅ ሆነው ይህን ጠይቀው የማያውቁ አይመስለኝም። ከሰላምታ በፊት ጥያቄ ማስቀደም ነውር መሆኑን አክስቴ ራህመት ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነገረችኝ፤ ስለዚህ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፣ የጎማ ሥራዎን በረካ ያድርግልዎ፣ የጅቡቲ ፀሐይም ትራራልዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ከግድግዳው በስተቀር።

እኔ ሰዓዲያ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የራቢአ ልጅ። ጨቅላ ሆኜ ካዩኝ ወዲህ አልተያየንም። አምና በጂኦሎጂ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ከቡታጅራ መጥቼ እርስዎ ቤት ከእህትዎ ጋር ተቀምጫለሁ። ማመልከቻዬ ቡራዩ አለ፣ ሱሉልታ አለ፣ ሆለታም አለ፤ ሰበታ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እስከዚያው አክስቴ የፊት ለፊቱን ክፍል ፈቅዳልኝ ለሰፈር ተማሪዎች ባዮሎጂና የምድር ሳይንስ አስጠናለሁ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል እንደማያነሱ ስለሰማሁ ይህን ጅቡቲ በሚመላለሰው በሾፌሩ በከድሩ እጅ ልኬዋለሁ።

ወደ ግድግዳው ልምጣ። በዚሁ በማስጠናበት ክፍል፣ በግቢው ዳር በቆሙት ባህር ዛፎች በኩል፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እስከ መሠረቱ የወረደ ስንጥቅ አለ። ድሮ የፀጉር ያህል ነበር አሉ፤ አሁን እርሳስ ይገባበታል። በአዋሽ በኩል መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እኛም ጋ ብርጭቆ ተንጫጭቷል። ሳምሪ የምትባል ተማሪዬ “ቲቸር፣ ቤቱ የሚወድቀው ከፈተና በፊት ነው በኋላ?” አለችኝ። በፊት ከሆነ እንዳታጠና መሆኑ ነው።

እኔ ግን፣ አይቆጡኝና፣ ልቤ በደስታ ሊዘል ነበር። አፍሪካ እኮ ለሁለት እየተከፈለች ነው! ስምጥ ሸለቆ ማለት ስፌቱ የሚተረተርበት ቦታ ነው። አንድ ቀን በመሃል ባህር ይገባል፤ ባህሩ የሚጀምረውም እርስዎ ካሉበት አቅጣጫ ነው። ምናልባት የቤታችን ስንጥቅ የዚያ ጫፍ ይሆናል። እርስዎ ጋ ያለው መሬት ምን ይመስላል? ለተማሪዎቼ እንዳነብላቸው ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ ሰዓዲያ


ጅቡቲ፣ ጥር 29 ቀን 2017

ለልጄ ለሰዓዲያ

ወአለይኩም ሰላም። የራቢአ ልጅ ለወግ ለማዕረግ በቅታ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል። አላህ የሚጠቅም እውቀት ያድርግልሽ።

የጠየቅሽኝን መሬት አይቻለሁ። ጎማው ፈንድቶ የቆመ መኪና ላነሳ ወደ አሳል ሐይቅ ወርጄ ነበር። ሐይቁ ከባህሩ በታች ነው፤ ዳር ዳሩ ጨው ብቻ። ከዚያ መለስ ሲባል ጥቁሩ ድንጋይ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ ሄዷል። በስንጥቁ ውስጥ ሰው ቆሞ ይሄዳል። እኔ ስንት የተቀደደ ጎማ አይቻለሁ፤ ይሄ ጎማ ቢሆን አልጠግነውም ብዬ ወጣሁ።

አሁን ይህ ነገር ሰበታ ደርሷል ካልሽ እህቴ እዚያ ቤት ውስጥ አታድርም። የተማረው ሰው አንቺ ነሽ፣ አምኛለሁ። ደላላው ፈቀደ ገዢ ይፈልግ። ራህመት ወደ ቡራዩ ሄዳ ትከራይ፣ አንቺም አብረሻት ሁኚ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ባህር ዛፎቹ እንዳይነኩ። ገዢውም ይህን ቃል ሳይገባ እንዳይገዛ።

አጎትሽ ጃዕፈር


ሰበታ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለጃዕፈር

አሰላሙ አለይኩም፤ የሚመጣው ረመዷን በጤናና በሰላም ይድረስልዎ። ደብዳቤዎን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት፣ አሁንም “ገዢ ይፈልግ” ነው የሚለው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ተነስታ ግቢውን መጥረግ ጀመረች፤ የተጠረገውን ግቢ።

አጎቴ፣ ቸኩዬ ነው። አዎ፣ አህጉሩ ይከፈላል፤ ግን ጥፍራችን ከሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። ባህር የሚገባው ሚሊዮን ዓመታት ቆጥሮ ነው። ለአክስቴ ኪራይ ቤት የሚያስፈልጋት ከዚያ በኋላ ነው። እባክዎ ፈቀደን ያስቁሙልን።

“ታዲያ ግድግዳውን ምን ሰነጠቀው?” ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። አክስቴ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ “ያየው ሁሉ ማሻአላህ ሳይል ያልፋል።” ጎረቤታችን ኦቦ ሌንጮ ደግሞ መንገዱ ሲሠራ ያ መዳመጫ መኪና ነው ይላሉ፤ “ሲያልፍ ጥርሴ ሁሉ ተነቃንቋል፣ እንኳን ግድግዳ።” ያቤጽ የሚባለው ተማሪዬ ፍልፈል ከሥር ፈልፍሎት ነው ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ፍልፈሉን ፍለጋ ግቢውን ቆፍሮ አክስቴ በመጥረጊያ አባራዋለች።

እኔ አሁን የምጠረጥረው አፈሩን ነው። የሰበታ ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ከተማሪዎቼ ጋር የደረቀ ዋልካ ደቁሰን በሃይላንድ ውስጥ ጨመርን፣ ልኩን በእስክሪብቶ አሰመርን፣ ውሃ አፈሰስንበት። በማግስቱ አፈሩ ከመስመሩ በላይ ወጥቶ አገኘነው። ሳምሪ “እንደ ሊጥ!” አለች። እንግዲህ ቤቱ እንዲህ ያለ ሊጥ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ በበጋ ከሥሩ ይሸሸዋል።

ግን ሌላው ግድግዳ ለምን አልተሰነጠቀም? ዛፎቹ ባሉበት በኩል ብቻ ለምን? ሳምሪ ጠየቀች፦ “ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል ይባላል፤ በየትኛው አፉ ነው?” በሥሩ ይስባል፣ ቅጠሉ ላይ ባሉት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ያተናል ብዬ ነገርኳት። አላመነችም። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ላይ ፌስታል አጥልቀን አሰርን፤ ከሰዓት በኋላ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣው? ከቤታችን ሥር ከሆነስ?

አሁን ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርገን በየሳምንቱ እየለካን ነው። እየሰፋ ብቻ ከሄደ እኔ አላውቅም። ክረምት ሲገባ ከጠበበ አፈሩ ነው። የተከፈለ አህጉር ዝናብ ሲዘንብ አይገጥምማ።

አንድ ጥያቄ ልድገም፦ ዛፎቹ ለምን አይነኩም? ቤቱ ተሽጦ ዛፉ የሚቀረው እንዴት ነው? አክስቴን ብጠይቃት “እሱን ጠይቂው” ትላለች። ኦቦ ሌንጮን ብጠይቃቸው “አካም ጅርታ፣ ሰዓዲያ” ብለው ሰላምታውን አስረዝመው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ልጅዎ ሰዓዲያ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017

ለሰዓዲያ

ረመዷን ሙባረክ። ጾሙ ሙቀቱ ላይ ቢከብድም አላህ ያግዛል።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ መሬቱ ይሄዳል። በሁለተኛው አይሄድም። በሦስተኛው ወዴት እንደሚዞር እጠብቃለሁ። አንድ ሾፌር መጥቶ “ጎማዬ ይተነፍሳል፣ ግን አይተነፍስም” ቢለኝ ከነመኪናው ነው የምመልሰው። እኔ እህቴን በ“ምናልባት” ሥር አላስተኛም። ሽያጩ ከዒድ በኋላ ይቀጥል።

ዛፉን ተዪው።

ጃዕፈር

ጎሚስታው ደጃፍ ላይ አንድ ዛፍ አለ። ፌስታል አሰርኩበት። እውነትም ውሃ አጠራቀመ። ሾፌሮቹ “ጃዕፈር ዛፍ ማለብ ጀመረ” እያሉ ይስቁብኛል። ለዚያች ለሳምሪ ንገሪያት።


ሰበታ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለጃዕፈር

አሰላሙ አለይኩም፤ ዒድ ሙባረክ። ሳምሪ ስምዎን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። ጅቡቲ ድረስ ተማሪ አለን እያለች ታወራለች።

ሌላው ወሬዬ ግን ጥሩ አይደለም። ለዒድ ዋዜማ ቡራዩ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ስመለስ ስንጥቁ የለም! አክስቴ ሲሚንቶና አሸዋ አቡክታ፣ ሞልታ፣ ለስና፣ ኖራ ቀብታበታለች። የእርሳስ ምልክቶቻችንም ከሥሩ ተቀብረዋል።

“አክስቴ፣ ምን አደረግሽ! መለኪያዬ እኮ ነበር!”

“በዒድ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳዬ አፉን ከፍቶ አይቀበልም” አለች። “አንቺ መለካት ከፈለግሽ የራስሽን ቤት ሰንጥቂ።”

ያለቀስኩት ክፍሉን ዘግቼ ነው። ሳምንታት የለካነው አፈር በላ።

ከዒዱ በኋላ ደላላው ፈቀደ ገዢ ይዞ መጣ። ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ “እህህ! አሁንማ ቤት መሰለ!” አለ። ገዢው ልጆቹን ሊያስገባበት ነው። ቤቱን በጣም ወደደው። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ በራሷ ኖራ ቤቷን ልታስሸጥ እንደሆነ ያኔ ገባት መሰለኝ። እኔም ዝም ብል ሰውየው ሳያውቅ ይገዛል፣ ብናገር የእርስዎን ትእዛዝ አፈርሳለሁ። ተናገርኩ። “ከዚህ ኖራ ሥር እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ ምክንያቱንም ገና አላወቅነውም” አልኩት። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። ፈቀደ “የተማረ ሰው ያለበት ቤት አይሸጥም!” ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ተቆጥተው ከሆነ ቁጣዎን ይጻፉልኝ። ዝምታዎ ይከብደኛል።

ሰዓዲያ


ሰበታ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017

አጎቴ፣ ከድሩ ደብዳቤውን በእጅዎ እንደሰጠ ይምላል። አንብበው ኪስዎ ከተቱት አለኝ። መልስ ግን የለም። ጤናዎን እንኳ በአንድ መስመር ያሳውቁን፤ አክስቴ ከድሩ መኪና ባቆመ ቁጥር ከበሩ ወጥታ ትቆማለች፣ ስጠይቃት ዶሮ ፍለጋ ነው ትላለች። ዶሮ የለንም።

ቡራዩ ሰው ቀጥረዋል፣ እኔን አይደለም። የሱሉልታውን እጠብቃለሁ። ዝናቡ ጀምሯል።


ሰበታ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለጃዕፈር

አሰላሙ አለይኩም! አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ባይመልሱም እጽፋለሁ፣ ይህን ሳልጽፍ መቀመጥ አልቻልኩም።

እያስጠናሁ ሳለ ግድግዳው ጧ! አለ። ልጆቹ ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ ያቤጽ “የሱስ!” እያለ፣ እኔ “ቢስሚላህ!” እያልኩ። አቧራው ሲረጋ የአክስቴ ልስን ከግድግዳው ተፈልቅቆ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ሄጄ ሳይ ስንጥቁ ከልስኑ በፊት ከነበረው ጠቧል። ምልክቶቻችን ከሥሩ ወጥተዋል፤ ለካሁ፣ ሳምሪም ለካች፣ ተቀራርበዋል! በበጋ የተሞላውን ሲሚንቶ ግድግዳው ሲገጥም እንደ አጥንት ተፋው።

አክስቴን አቅፌ ሳምኳት። “ያበላሸሽብኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ መለኪያ ሠርተሽልኛል” አልኳት። እሷ ወለሉን እያየች “ታዲያ ማን ይጠርገው?” አለች።

ስለዚህ አጎቴ፣ ስምጥ ሸለቆው አይደለም፤ እርሱ ዝናብ አይቶ አይመለስም። አፈሩ ነው፤ በጋ ሲሆን ከዛፎቹ ጥማት ጋር ተባብሮ። በእርግጠኝነት አውቃለሁ አልልም፤ አንድ ክረምት አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ መሠረት የሚያውቅ መሐንዲስም እንዲያየው እፈልጋለሁ። ግን ባህር አልመጣብንም። ቤቱም መሸጥ የለበትም።

ኦቦ ሌንጮን ለመንኳቸው፦ “ዛፎቹን ብንቆርጥስ?” ለመጀመሪያ ጊዜ መለሱልኝ። “ጃዕፈር ሳይቆም አልቆርጥም። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ፣ ልጄ? ቃል ነው።” ምን ቃል ነው? ማንም አይነግረኝም። እባክዎ።

ሰዓዲያ


ጅቡቲ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017

ለልጄ ለሰዓዲያ

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ልብሽን ያስፋው።

ዝም ያልኩት ስለ ገዢው አይደለም። ለገዢው የተናገርሽውን አባቴም ይናገረው ነበር። እሱን ሳስብ መጻፍ አቃተኝ።

ዛፎቹን ልንገርሽ። አባቴ ሀጂ የህያና ኦቦ ሌንጮ በአንድ ክንድ መሬት ዓመት ሙሉ ተኳረፉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አጥር ይታጠር ቢባል አጥሩን ማን ያጥራል ተብሎ ሌላ ጠብ መጣ። በመጨረሻ ድንበሩ ላይ አምስት ባህር ዛፍ እንዲተከል ተፈረደ፤ ከሁለቱም ቤት እጃቸውን በአንድ ጉድጓድ አስገብተው እንዲተክሉ። ሲተከል እጁን ያስገባ ሰው ከሁለቱም ቤት ካልቆመ በቀር ማንም እንዳይቆርጥ። ወረቀት የለም። ካርታው ዛፉ ነው። ከእኛ ቤት እጃችንን ያስገባነው አባቴና እኔ ነን። አባቴ ሄዷል።

እንግዲህ ስንጥቁ ከዛፉ ከሆነ ይቆረጥ። ሽያጩ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ ለኦቦ ሌንጮ አንብቢላቸው፤ ጃዕፈር ቆሟል በያቸው። አምስቱንም በአንድ ቀን ጥለው በየጉቶው ድንጋይ ይትከሉ፣ ድንበሩ እንዳይጠፋ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ሥሩ መጠጣት የሚያቆመው መቼ ነው? እዚህ የምጠይቀው ሰው የለም።

አጎትሽ ጃዕፈር


ሰበታ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጃዕፈር የህያ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አዲሱ ዓመት የእፎይታ ይሁንልዎ። አክስቴ “ሽያጩ ቀርቷል” የሚለውን መስመር አስነብባኝ፣ ደግማ አስነብባኝ፣ ተነስታ ግቢውን ጠረገች። አሁን ግን እያንጎራጎረች ነበር።

ደብዳቤዎን ለኦቦ ሌንጮ በአክብሮት ቆሜ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው “ጥሩ ነው፣ ጥሩ ጽፏል” አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ከላይም ከታችም አዩት። “ግን ሰዓዲያ፣ ደብዳቤ እግር የለውም። እንዴት ነው የሚቆመው?”

እኔም ስሟገታቸው ቆይቼ እርስዎ ስለ ሥሩ የጠየቁኝን ጥያቄ ልመልስ መጽሐፌን ገለጥኩ፣ መምህሬንም ደውዬ ጠየቅሁ። መልሱ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። ቅጠሉ ሲወርድ መሳቡ ወዲያው ይቀንሳል፤ ጉቶው ግን ያቆጠቁጥና እንደገና መጠጣት ይጀምራል፣ ቡቃያውን እየተከታተሉ ካልቀጠፉት። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፦ አምስቱም በአንድ ቀን ከወደቁ ስንት ዓመት ሲጠጡት የኖሩት ውሃ ሁሉ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ዋልካው በአንዴ ያብጥና ቤቱን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ያ ከአሁኑ ስንጥቅ ሊብስ ይችላል። ብንተዋቸው ቤቱ ይሰነጠቃል፣ ብንቆርጣቸው ይሰነጠቃል! ሳምሪ “ታዲያ ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው፣ ቲቸር?” ብላ አፈጠጠችብኝ፤ ምርጫ ያለው ጥያቄ መስሏታል።

መምህሬ የነገረኝ ቀስ ብሎ ማሳሳትን ነው። በየበጋው አንድ ዛፍ፤ አፈሩ ከአዲሱ ውሃ ጋር እንዲለማመድ። በየክረምቱ እኛ ስንጥቁን እየለካን፣ መሐንዲሱ እያየልን፣ ቀጣዩን እንወስናለን።

ይህን ለኦቦ ሌንጮ ስነግራቸው ሳቁ። እኔ አልገባኝም ነበር። አክስቴ ናት ያስረዳችኝ፦ “ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ጃዕፈር መቆም አለበት። በየዓመቱ አንድ ዛፍ ከሆነ፣ በየዓመቱ አንዴ ይመጣል ማለት ነዋ!”

ከዚያ ደግሞ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ለአባታችሁ ቀብር ሳይደርሱ እንደቀሩ፣ መርዶውም በስልክ እንደደረሰዎት፣ ከዚያ ወዲህም አፍረው እንደቀሩ። “ከቀብሩ መቅረቱን ሰፈሩ ረስቶታል፤ እሱ ብቻ ነው ያልረሳው” አለች። ይህን እንዳልጽፍ ከልክላኝ ነበር። ጻፍኩት፤ አሁንም ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው፣ ግን አልቆነጠጠችኝም።

ሱሉልታ ያለው ትምህርት ቤት ለሙከራ ክፍለ ጊዜ ጠርቶኛል። ምን እንደማስተምር ወስኛለሁ፤ አንድ ሃይላንድ ዋልካና አንድ ፌስታል ይዤ ነው የምሄደው። “አላውቅም፣ ኑ እንለካ” ብዬ እጀምራለሁ። ካልቀጠሩኝም ሰበታ ተማሪ አለኝ፣ ጅቡቲም አንድ አለኝ።

አሁን መልስ እፈልጋለሁ። በዚህ በጋ የትኛው ዛፍ ይቅደም? ኦቦ ሌንጮ በመንገዱ በኩል ያለውን ይላሉ፣ እኔ ለመስኮቱ የቀረበውን እላለሁ፤ የእርስዎ ድምፅ ነው የሚወስነው። መልሱን ግን በከድሩ እጅ አይላኩት። ጋቢናው ላይ ቦታ አለው፤ ከእርሱ ጋር ይዘውት ይምጡ።

ልጅዎ ሰዓዲያ